እንካ

ከአዘዞ አመጣሁት፣ በሻርፕ ጠቅልዬ፣
ከኮቴ ጉያ ውስጥ ደብቄ፣ አባብዬ።
የባጃጁ ሾፌር በመስታወት አየና
«ሕፃኑ ስንት ወሩ?» ብሎ ጠየቀና፣
ቡችላው ሲያስነጥስ ሳቁ ከሆዱ ወጣ፤
እስከ ቀሃ ድልድይ መሪው እየዋዠቀ መጣ።

የመጀመሪያ ሌሊት አለቀሰ፣ አለቀሰ፤
እናቱን ፈልጎ ጥግ ጥጉን አሰሰ።
ካርቶን አነጠፍሁለት፣ አሮጌ ጋቢ ደረብሁ፣
የደወል ሰዓቴን ከጨርቁ ሥር ቀበርሁ፤
ልብ መስሎት እንዲተኛ፣ ቀጭ ቀጭ ሲል ካጠገቡ፤
እሱ ግን ወደ እኔ ነው፣ ወደ አልጋው ነው ሐሳቡ።
መብራት የለም። ከአንገረብ ወዲያ ጅብ አላዘነ፤
የጭብጥ ያህል ሥጋ ከእግሬ ሥር ተሸፈነ።
እጄን ሰጠሁት፤ ጣቴን እንደ ጡት ጠባ፤
ሊነጋጋ ሲል ነቃሁ፣ ሽንቱ ወገቤ ሥር ገባ።

እኅቴ ይታይሽ በስልክ ሰማችና ተቆጣች፦
«ውሻ ካደረበት ቤት መልአክ አይገባም» አለች።
«ስለ መልአኩ አላውቅም፤ አንቺ ግን ከገባሽ
ፋሲካ ቢቆጠር ሦስተኛው አለፈሽ።»

አመድ በተንሁለት ከጓሮው በር ወጥቼ፤
በልቶ ባበቃ ቁጥር ወሰድሁት አንስቼ፤
ፀሐይ ቢሆን ዝናብ ቆሜ ስጠብቀው፣
እሱ ቢራቢሮ ያያል፤ ኋላ ቤት ገብቶ ነው የሚለቀው።
ግራ ጫማዬን በላ፤ ቀኙን ንቆ ተወው፤
የመብራት ደረሰኝ ቀዶ እንደ ሠርግ አበባ በተነው።
«ቁጭ!» ስለው ይተኛል፤ «ና!» ስለው ይሸሻል፤
«ተው!» ያልሁት እንደሆነ ጅራቱን ይቆላል።

በገመድ ይዤው ወጣሁ አንድ ቀን ወደ ፒያሳ፤
ጓሮውን እንቢ ያለው፣ አመዱን የረሳ፣
ከግንቡ አጥር ሥር ሲደርስ ቁጢጥ አለ በክብር።
ዘበኛው ፉጨቱን ነፋ፦ «ኧረ ጋሼ፣ ነውር!»
ነገሥታቱ ይቅር ይበሉን፤ እኔ ግን ኩራት ኩራት አለኝ፤
ማትሪክ ያሳለፍሁት ልጅ እንኳ እንዲህ አላስደሰተኝ።

ስሙማ ተቀምጧል፣ እሱ ሳይመጣ በፊት፤
በውሻ ስም መሽሟጠጥ ልማድ ነው የጥንት።
አሸንዳው ተሰብሮ፣ ጎርፉ በእኔው ግንብ ላይ፣
ሦስት ክረምት ሙሉ ሰምቶ እንዳልሰማ ባይ፣
ለጎረቤቴ ለሸጋው፣ በአጥር አሻግሬ፣
«ጆሮ ዳባ! ጆሮ ዳባ!» ነገሬን ቋጥሬ
ጠዋት ማታ ተጣራሁ።
ቡችላው ዘወርም አላለም።
ለካስ ለሌላ ሰው በተላከ ስም ማንም አቤት አይልም።

ከአራዳ ሥጋ ቤት የገዛሁትን ሳንባ ቀቅዬ፣
ቆራርጬ በጣሳ፣ ከበረንዳው «እንካ» ብዬ
ቃሉን ገና ሳልጨርስ፣ ከጓሮ የነበረው
ጆሮው እየተርገበገበ መጣ፣ መሬት እየጠበበው።
ደግሜ ሞከርሁት፣ በባዶ እጄ፦ «እንካ!»
መጣ፤ መዳፌን ላሰ። ስሙ ይሄ ኖሯል ለካ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዋስው ሳስረዳ፣
«ይህ ቃል እርባታው ጎዶሎ ነው፤ ከግሦች መካከል እንግዳ፤
እንካ፣ እንቺ፣ እንኩ፤ በቃ። ትናንት የለው፣ ነገ»
ብዬ አልፌው ነበር። ለካ
ከተዘረጋ እጅ በቀር ሌላ ሥር አልፈለገ።

በነሐሴ አጋማሽ በር መጫር ጀመረ፤
«ቁጭ» ስለው ቁጭ አለ፤ ግማሽ ደቂቃም ኖረ።
(ጫማውን አልተወም። እሱ ገና ነው።)

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዶፉ ካባራ በኋላ፣
ሸጋው በአጥሩ ቀዳዳ አጥንት ይዞ፣ ሌላ
ቃል ሳይጨምር «እንካ!» አለ።
ሁለታችንም ዞርን።
እኔ ለምን እንደ ዞርሁ እስካሁን አልገባኝም።
ሰምቶኝ ኖሯል ማለት ነው፤ ይህን ከሰማ ያንንም፣
ጆሮ ዳባውን ጭምር፤ ግን አልጠቀሰም፣ ምንም።
አጥንቱ ተወሰደ። እጁ ግን አጥሩ ላይ ቀረ፤
የእኔ እጅ ኪሴ ውስጥ ነበረ።
አሸንዳው ያንጠባጥባል። ሸጋው ቀና ብሎ አየው።
«መሰላል አለህ ወይ?» አለኝ፣ ጉሮሮውን እየጠረገው።
ሄድሁና አመጣሁት፣ ተደግፎ ከቆመበት ጓሮ፤
በአጥሩ ላይ አሳልፌ «እንካ» አልሁት።
ቡችላው አጥንቱን ጥሎ መጣ፣ በርሮ።